የሥጋ ቤቱ ሚዛን

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ካልነገርኩህ ወሬው ሁሉ ፈጠራ ይመስልሃል። ጅግጅጋ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ሥራዬ ሜካኒክነት ነው፣ ሰው ጂን አየሁ ሲለኝ "ስንት ሲሊንደር ነው?" ብዬ የምቀልድ ነኝ፣ በእጄ ያልፈታሁትን ነገር አላምንም። ከዚያች ዓርብ ወዲህ ግን መቀለዱን ትቻለሁ።

ነገሩ የአዴር ወርሰሜ መኪና ነው። አዴር እዚህ አገር አጎቴ እንደማለት ነው፣ ሽማግሌ ሁሉ አዴር ነው። መኪናው በዕድሜ እኔን የሚበልጥ አሮጌ ላንድክሩዘር ሲሆን የሚነዳው ልጃቸው አብዲ ነበር፣ መሪውን በቀይና በአረንጓዴ የፕላስቲክ ክር ራሱ ጠቅልሎት ስለነበር ሲያዞረው ሲር ሲር ይላል፣ በዚያ ድምፅ ስንቴ ስቄበታለሁ። ጓደኛዬ ነበር። አሁን የምነግርህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ አብዲ ከመሞቱ ሦስት ሳምንት በፊት የመኪናውን የፊት እግር ኩሽኔታ የቀየርኩለት እኔ ነኝ።

የዚህ መኪና የፊት ጎማ ግራና ቀኝ የሚታጠፈው ከላይና ከታች በተቀመጡ ሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ነው፣ ምን ያህል ተጨቁነው እንደሚቀመጡ የሚወስኑት ደግሞ ከላይኛው ክዳን ሥር የሚገቡ ስስ ቆርቆሮዎች ናቸው፣ ቆርቆሮ ስትቀንስ ይጠብቃል፣ ስትጨምር ይላላል፣ ከላላ ቁልቁለት ላይ ጎማው መንቀጥቀጥ ይጀምርና መሪውን ከእጅህ ይነጥቅሃል። ልኩን ለማወቅ ጎማውን የሚያዞረውን የብረት ክንድ በሚዛን ጎትተህ ስንት ኪሎ ላይ መዞር እንደሚጀምር ማየት አለብህ፣ እኛ ግን ማን ሚዛን ይይዛል፣ በእጃችን ገፋ እናደርግና "ይበቃል" እንላለን። እኔም ይበቃል አልኩ። ቆርቆሮውንም ከዱቄት ወተት ጣሳ በመቀስ ቆርጬ ነበር ያስገባሁት፣ ወፍራም እንደሆነ እያወቅኩ። አብዲ ቁልቁለት ላይ መሪው አመለጠውና ተገለበጠ። አዴር ወርሰሜ "የአላህ ውሳኔ ነው" አሉ፣ እኔ ከለቀስተኞቹ መሃል ተቀምጬ ዝም አልኩ።

መኪናው ባቢሌ ተወስዶ አካሉ ተቀጥቅጦ ተቀባ፣ የፊት እግሩን ግን የከፈተው አልነበረም።

ዓመት አለፈ፣ ዝናቡም ቀረ። አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ አዴር ወርሰሜ ባዶ በርሜሎች ጭነው ጋራዤ ገቡ፣ የቀኝ ጎማቸው ይወላገዳል።

"ዋርያ ሙሉጌታ፣" አሉኝ ገና ሳይወርዱ፣ "ሆዳን ከልጆቿ ጋር እዚያ ናት። የዝናብ ውሃ ያጠራቀሙበት በርካ ደርቋል፣ የቀዱትንም ከትናንት ወዲያ ጨርሰዋል አለኝ ከዚያ የመጣ ሰው። ከጁምዓ ስመለስ ውሃ ሞልቼ መውጣት አለብኝ።"

ሆዳን የቀረቻቸው አንዲት ልጅ ናት፣ ሦስት ሕፃናት አሏት። የሰፈሩበት ቦታ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ሰሜን የስድስት ሰዓት መንገድ ነው፣ መንገዱም የሚወርደው በዚያው አብዲ በተገለበጠበት ቁልቁለት ነው።

"አዴር፣ ሌላ መኪና ቢፈለግስ?"

"ፈለግኩ። ያለው ሁሉ ውሃ እያመላለሰ ነው። አንተ ሥራልኝ፣ አብዲ ከአንተ እጅ በቀር አያምንም ነበር።"

እሳቸው ወደ መስጊድ ሄዱ፣ እኔ መኪናውን በክሪክ አነሳሁና ፈታሁት፣ ክዳኑን ሳነሳ የራሴ ቆርቆሮዎች ከነወተቱ ጣሳ ሰማያዊ ቀለም ቁጭ ብለው አየኋቸው።

በዚህኛው ጊዜ በግምት አልሠራም ብዬ ወደ ሐሰን ሥጋ ቤት ሮጥኩ፣ ወደ ሶላት ሊሄድ እየዘጋ ነበር፣ የሚንጠለጠለውን ሚዛን ለመንኩት። "የግመል ሥጋዬን አልበላም ብለህ ሚዛኔን ልትበላ ነው?" ብሎ ሳቀብኝና ሰጠኝ።

አዲሶቹን ኩሽኔታዎች በግራሶ አሽቼ አስገባሁ፣ ፋብሪካ የሠራቸውን ስስ ቆርቆሮዎች ደረደርኩ፣ ክዳኑን አጠበቅኩ፣ የሚዛኑን መንጠቆ ክንዱ ጫፍ ላይ አስገብቼ ጎተትኩ፣ አንድ ኪሎ ተኩል። አንድ ቆርቆሮ ቀነስኩ፣ ሁለት ተኩል። ከሦስት ማለፍ እንዳለበት አውቃለሁ፣ ግን ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ልጆቹ ውሃ ከቀመሱ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፣ እንደገና ለመፍታት ጊዜ አጠረኝ። "ይበቃል" አልኩ። አዎ፣ ያንኑ ቃል።

ይሄኔ ከጋቢናው ውስጥ ሲር ሲር አለ።

ልብ በል፣ የመሪውን ዘንግ ከእግሩ ፈትቼ መሬት ላይ አጋድሜዋለሁ፣ ላይ መሪውን ብታሽከረክረው ታች ጎማው አይሰማውም። ክንዱ ግን ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ፣ መንጠቆው ላይ የቀረውን ሚዛን ይዞ፣ የሚዛኑ ሌላኛው ጫፍ መሬት ላይ ተጋድሟል፣ የያዘው ሰው የለም፣ መርፌው ግን ወጣ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስት ተኩል ላይ ቆመ። ተስፈንጥሬ ተነስቼ ጋቢናውን አየሁ። ባዶ ነው። በግቢው እኔ ብቻ ነኝ፣ ከተማው ሁሉ ሶላት ላይ ነው። ክንዱን መልሼ አስተካከልኩት፣ ደግሞ ሲር ሲር አለ፣ ደግሞ ዞረ፣ መርፌው ሦስት ተኩል። ፈራሁ ብቻ ብል አይገልጸውም፣ አለቀስኩ። "እሺ አብዲ፣ እሺ" እያልኩ እንደገና ፈትቼ አንዲቷን ቀጭን ቆርቆሮ አወጣኋት፣ አጥብቄ ጎተትኩ፣ ልክ ሦስት ተኩል። ከዚያ በኋላ ጋቢናው ዝም አለ።

አዴር ወርሰሜ ሲመለሱ ጎማውን ገጥሜ ጨርሻለሁ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፣ ከነገርኳቸው ግን መኪናውን አምነው ይነዱታል? ልጆቹስ? "ቁልቁለቱ ላይ ቀስ ይበሉ" አልኳቸውና ሸኘኋቸው።

እዚያ ስልክ አይሠራም። ሦስት ቀን እህል በአፌ አልዞረም። በአራተኛው ቀን መጡ፣ ሆዳንን ከነልጆቿ ይዘው፣ ትንሹ ልጅ እናቱ ጉያ ውስጥ ደክሞ ተኝቷል፣ ግን ይተነፍሳል። ፍየሎቹ አልቀዋል።

"ያ ቁልቁለት ላይ ዓይኔ በእንባ ተሞላ፣" አሉኝ አዴር፣ "መንገዱን ማየት አቃተኝ። መሪው ግን ቀጥ አለ። ወላሂ፣ ሌላ ሰው አብሮኝ የያዘው ነበር የሚመስለው። እጅህን አላህ ይባርከው።"

ስለ ወተት ጣሳው ቆርቆሮ አልነገርኳቸውም፣ አሁንም።

ሚዛኑን በዚያው ዓርብ ለሐሰን መልሼለት ነበር፣ በሳምንቱ ይዞት መጣ፣ "አበላሸኸው፣ ባዶውን ይመዝናል" አለኝ። ስፕሪንጉ ተስቦ ነው ትለኝ ይሆናል፣ እኔም ለሐሰን እንደዚያ አልኩት፣ አዲስ ገዛሁለትና አሮጌውን ጋራዤ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። መንጠቆው ላይ ምንም የለም፣ መርፌው ሦስት ተኩል ላይ ነው፣ ስፕሪንጉን ሁለቴ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ፣ ያው ነው።

አዴር ወርሰሜ አሁንም ይመጣሉ፣ ከሚዛኑ ሥር ባለችው ዱካ ላይ ተቀምጠው ስለ አብዲ ያወሩኛል፣ "ጓደኛው ስለሆንክ ካንተ ጋር ሳወራ ይቀለኛል" ይሉኛል። እኔ እሳቸውን ትቼ መርፌውን አያለሁ። አንድ ቀን እነግራቸዋለሁ። ያን ቀን መርፌው ወደ ዜሮ ይመለስ ይሆናል፣ ባይመለስስ?