ከሊማሊሞ የተደወለው ስልክ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ዛሬም አምናለሁ ለማለት አፌ ይተሳሰራል፣ ብቻ የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። የሳይንስ መምህር ነበርኩ፣ ደባርቅ የተመደብኩት ትምህርቴን እንደጨረስኩ ነው፣ ተማሪ ስለ ቡዳ ወይም ስለ ዛር ሲያወራ ከሰማሁ ጥቁር ሰሌዳው ፊት አቁሜ «ምክንያት» እና «ውጤት» አስጽፈው ነበር፣ በዚህም ከስንቱ ወላጅ ጋር እንደተጣላሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ ወቅቱ ክረምት። ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደውን የሊማሊሞን መንገድ ያየ ያውቀዋል፣ ያላየ ደግሞ ከገደል አፋፍ የተወረወረ ገመድ ያስብ። እኔ ከመምጣቴ በፊት በነበረው ክረምት አንድ መኪና እዚያ ተገልብጦ ሰዎቹ ሲጣሩ ማንም ሳይሰማቸው ቀርቶ ነበር አሉ፣ ከዚያ ወዲህ ቀበሌው ከአዳራሹ ጎን ባለች ክፍል አንድ ስልክ አስቀመጠና «የድረሱልኝ ስልክ» ብሎ በፈቃደኞች ማስጠበቅ ጀመረ። ስልኩ እጀታው የሚሽከረከር ዓይነት ነው፤ እጀታውን ስታዞሩት ውስጡ ያለው ማግኔት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ኤሌክትሪኩ በሽቦው ይሄድና በወዲያኛው ጫፍ ያለውን ደወል ይመታል፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ምጥ የጠናባት፣ ወንዝ የሞላበት፣ መኪና የተገለበጠበት ሁሉ በአቅራቢያው ካገኘው ስልክ ይደውልልናል፣ እኛ ደጃፉ ላይ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ እንደ ደወል መትተን ሰው እንሰበስባለን፣ ቃሬዛ ይወጣል።

ፈቃደኛ የሆንኩት በገዛ ፍላጎቴ ነው፣ እመኑኝ፣ ማንም አላስገደደኝም። ለሚደውል ሰው የሚቀርቡ ጥያቄዎችንም በቅደም ተከተል ያወጣሁት እኔ ነኝ፦ የት ነው፣ ምን ደረሰ፣ ስንት ሰው ተጎዳ። አብረውኝ የሚጠብቁት እትዬ አለምነሽ ግን ይህን ሥርዓቴን ዓይኑን አያሳየኝ ይሉ ነበር። ገበያ ጨውና በርበሬ የሚሸጡ፣ ምላሳቸው እንደ ሸቀጣቸው የሆነ ሴት ናቸው፣ ባላቸው ጋሼ ይርጋ በዚያ መንገድ ኤንትሬ የጭነት መኪና የሚነዳ ሾፌር ስለሆነ ነው ስልኩን መጠበቅ የጀመሩት። «ገደል የገባን ሰው ጥያቄ አንድ፣ ጥያቄ ሁለት እያልክ ልትፈትነው ነው?» ይሉኛል፤ ስሜንም ትተው «ጠመኔ» ነበር የሚሉኝ።

የዚያን ቀን ጉሙ ከገደሉ ሥር ወጥቶ ከተማውን ውጦት ነበር። ጋሼ ይርጋ ከአዲ አርቃይ ማሽላ ጭኖ ምሳ ሰዓት ላይ መድረስ ነበረበት፣ አልደረሰም። እትዬ አለምነሽ በሩ ላይ ወጣ ገባ ሲሉ ዋሉ፣ አንድ ሁለቴ ላጽናናቸው ብሞክር ዝም እንድል አዘዙኝ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ስልኩ ጠራ። አጠራሩ ደካማ ነበር፣ እጀታውን በዝግታ፣ እያረፈ የሚያዞር ሰው ያለ ይመስላል። አነሳሁት። የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ የገጠር ሰው ቃሉን ሳይቆርጥ ቀስ አድርጎ የሚናገረው ዓይነት።

«ደባርቅ ነው?»

ደባርቅ መሆኑን ነግሬ ከየት እንደሚደውሉ ጠየቅኳቸው። ሊማሊሞ ካለው የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ነኝ አሉ። ምን ደረሰ አልኩ።

«ይርጋ ትንሽ አሞታል። ሰው ላኩ።»

ሦስተኛውን ጥያቄ ስጠይቅ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ብቻ ይሰማኛል፣ ከዚያ ደግሞ ሞተር ጠፍቶ ብረቱ ሲበርድ የሚያሰማው ዓይነት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ተቋረጠ።

እትዬ አለምነሽ ፊቴን እያዩ ነበር። ማን ነው፣ ምን አለ አሉኝ። እኔ ደግሞ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ማስተላለፍ የሥራው ሕግ ነው ብዬ የማምን ሰው፣ ቃል በቃል ደገምኩላቸው፣ ይርጋ ትንሽ አሞታል።

አሁን እናንተ ይህን ስትሰሙ ምን እንደተሰማችሁ አውቃለሁ። ሩቅ አገር ላለ ዘመድ መርዶ ሲላክ ሞተ አይባልም፣ ትንሽ አሞታል ነው የሚባለው፣ ሰሚው ቀሪውን በልቡ ይሞላዋል። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ለእኔም የታወቀኝ። እትዬ አለምነሽ ሻሻቸውን ፈተው ወረወሩ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኹ፣ የጎረቤቱ ሁሉ በር ተከፈተ፣ ክፍሏም አዳራሹም በለቅሶ ተሞላ።

የቀበሌው ሊቀመንበርና የእትዬ አለምነሽ የንስሐ አባት ቄስ አድማሱ ተከታትለው ደረሱ። የሰዉ ቁጣ መጀመሪያ ያረፈው በእኔ ላይ ነበር። መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ነው የሚነገረው፣ ይህ የሰው አገር ሰው ግን ለብቻዋ ለተቀመጠች ሴት በስልክ ወረወረባት ተባለ፣ አንዷ እንዲያውም ነጠላዬን ይዛ ጎተተችኝ። እኔ ሰውዬው ሰው ላኩ እንዳለ፣ የታመመ ሰው ሊኖር እንደሚችል፣ ቃሬዛው አሁኑኑ መውረድ እንዳለበት ለማስረዳት ሞከርኩ። ሊቀመንበሩ ሳቁ። ጉም ነው፣ ሊመሽ ነው፣ መንገዱ ላይ ወንበዴ አይጠፋም፣ ለሞተ ሰው ብዬ በሕይወት ያለውን አልገብርም፣ ጠዋት ሬሳውን እናነሳለን አሉ። ቄስ አድማሱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጓድ መምህር፣ አማርኛ ነው የምታስተምረው ሳይንስ?» አሉኝ ሊቀመንበሩ። «አሞታል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አታስተምረን።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ስልኩ ጠራ። ያው ደካማ አጠራር ነው፣ እጄ ቀድሞኝ አነሳው።

«ማን ሞቶ ነው የሚለቀሰው?» አለ ሽማግሌው።

ጋሼ ይርጋ አሞታል ብለውን ነው አልኩ።

«አሞታል ነው ያልኩህ። ይርጋ ለቅሶውን እየሰማ ነው። ደስ አላለውም።»

መነጋገሪያውን ለቄስ አድማሱ ሰጠኋቸው። አዳመጡ፣ አዳመጡና ምንም የለም ብለው ለሊቀመንበሩ አቀበሉ። እሳቸውም ጆሯቸው ላይ ትንሽ ያዙት፣ ከዚያ ቀስ ብለው አስቀመጡትና የት ነኝ አለህ አሉኝ። ከካምፑ አልኩ። ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር፣ ቀኑን ሙሉ እግሬን ከማሳርፍበት ጥግ፣ አንድ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ጎትተው አወጡ። ስልክ ነው። ናዳ ካምፑን ሲያሰጋ ሠራተኞቹ ወጥተዋል፣ ሽቦው ተቆርጧል፣ ስልካቸውንም ነቅለው እዚህ ካስቀመጡት ቆይቷል።

«ይኸው ከካምፑ የሚደውልልህ» አሉ። ሕዝብ የሚያሸብር ወሬ መንዛት ምን እንደሚያስከትል ነገ ጣቢያ እንነጋገርበታለን ሲሉም ጨመሩ።

ያን ጊዜ እትዬ አለምነሽ ለቅሷቸውን አቋረጡ። ፊታቸውን ቧጥጠውት ደም ወጥቶታል። በጥላቻ ነበር የሚያዩኝ፣ ይህን ሳልሸፋፍን ነው የምነግራችሁ።

«በል እንግዲህ» አሉኝ፣ «ባሌ ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

አላውቅም፣ ግን እንሂድ አልኩ። ማንንም አልጠበቁም፣ ፋኖሱን ከግድግዳው አወረዱና ወጡ፣ እኔም ተከተልኩ፣ ሴት ቀድማን ስትሄድ ማየት ያሳፈራቸው ጥቂት ጎልማሶችም ቃሬዛውን ይዘው ደረሱብን።

መኪናውን ያገኘነው ከባዶው ካምፕ እልፍ ብሎ፣ ከመንገዱ ወጥቶ ዛፍ ላይ ተደግፎ ነው። ገና ሙሉ በሙሉ አልጨለመም። ጋሼ ይርጋ ጋቢናው ውስጥ ነበር፣ አንድ እግሩ ተጨፍልቆ ተይዟል፣ ዓይኑ ግን ተገልጧል። ሕያው ነው! እትዬ አለምነሽ እያለቀሱ ሊያቅፉት ሲጠጉ በክርኑ ገፋቸው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እኔ ከተማውን እስክለቅ ድረስ ሚስቱን አነጋግሮ አያውቅም አሉ።

ጤና ጣቢያ ተኝቶ ሳለ ልጠይቀው ሄድኩ። እንኳን ተረፉ አልኩት። ከዚያ ሳልጠይቀው፣ ግድግዳውን እያየ ነገረኝ። መኪናው እንደወጣ አንድ ሽማግሌ ከጉሙ ውስጥ መጥቶ መርገጫው ላይ ተቀመጠ፣ ቆየና ሰው ልጥራልህ ብሎ ሄደ፣ ሲመለስ አልቅሰውልሃል፣ ከእንግዲህ አይመጡም አለው። ይርጋም ለቅሶውን ከላይ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ አንድ በአንድ ሰምቷል፣ የሚስቱንም ድምፅ ለይቷል። ከደባርቅ እስከዚያ ድምፅ እንደማይደርስ እናንተም ታውቃላችሁ።

«እኔስ አልሞትኩም አልኩት» አለኝ። «ቢሆንም የተለቀሰ ለቅሶ ባዶውን አይመለስም አለኝ። አልቅሱ ያላቸው ማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ስልኩን የሚይዘው መምህር ነው አልኩት። ስምህን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። የክርስትና ስሙንስ አለኝ፣ እሱን አላውቅም አልኩት።»

«ቢያውቁት ኖሮ ይነግሩት ነበር ጋሼ ይርጋ?»

ዞሮ አየኝ። «እግሬን ተመልከት» አለ። «እነግረው ነበር።»

ሊቀመንበሩ እንደዛቱት አላሰሩኝም፣ ግን በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሸዋ ተዛወርኩ፣ እናቴ ወዳለችበት ደብረ ብርሃን። ነገሩንም በሥርዓት አስቀመጥኩት፦ ድንጋጤ፣ ጉም፣ የተነካካ ሽቦ፣ የቆሰለ ሰው ቅዠት። ለብዙ ጊዜ ይህ በቃኝ።

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጋር ደጅ ተቀምጠን ሳለ፣ እንደ ዋዛ፣ አንድ ሽማግሌ መጥቶ እንደነበር ነገረችኝ። ውሃ ለምኖ ጠጣ፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ፣ የወዲያ የጎንደር ሰው ነው፣ ልጅሽን ደባርቅ አውቀዋለሁ፣ በጸሎት ላስበው የክርስትና ስሙን ንገሪኝ አለኝ አለች።

ነገርሽው ወይ አልኳት።

«ለጸሎት የተጠየቀ ስም ይከለከላል እንዴ ልጄ? ነገርኩት እንጂ። ምነው፣ አጠፋሁ?»

አላጠፋሽም አልኳት። እጇን ይዤ ወደ ቤት አስገባኋትና በሩን ዘጋሁት፣ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር።