የአምና ቅርንጫፍ

«ለአያታችን ቢጫ ከሆነ ቢጫ ነው» አላት ልጅቷን ወንድሟ፣ የእናታቸውን ቢጫ ሻሽ በተቆረጠው ቁጥቋጦ ጉቶዎች ላይ እየጣለ። «ማንኪያ እንኳ በዳበሳ ነው የሚያነሱት። አታካብጂ።»

የሰፈሩ ልጆች «ጠበቃው» የሚሉት በከንቱ አይደለም፤ ለማንኛውም ጥፋት መከላከያ አያጣም። የዛሬው ጥፋት የእህቱ ነው። አያታቸው ለዓይናቸው ሐኪም ቤት ተኝተው ሳሉ፣ ሲመለሱ ደስ እንዲላቸው ብላ ጓሮውን ከረከመች። ጽጌረዳው ቅጠሉን ሲያራግፍ አያቷ አሳጥረው ሲቆርጡት አይታለችና፣ ከግንቡ ሥር ያለችውን ቢጫ አበባም እንደዚያው አደረገቻት። ይቺ ግን የምታብበው በአምና ቅርንጫፏ ላይ ነው፤ መቀስ ሊነካት የሚገባው አበባዋ ከረገፈ በኋላ ነበር። ልጅቷ ይህን ያወቀችው፣ ቆርጣ በጣለችው ጭራሮ ላይ ደቃቅ እንቡጦች ደርቀው ስታይ ነው። የቀሩትን ውሃ ውስጥ ነከረቻቸው። እነሱም ጠወለጉ።

ለከርሞ ታብባለች። ለከርሞ ግን አያቷ አያዩም፤ ሐኪሙ እቅጩን ነግሯቸዋል። «እንግዲያው ቢጫዬን ልይና ይጨልም» ብለው ነበር ወደ ቤት የተመለሱት።

የጓሮው በር ተንቋቋ። አያቷ መቃኑን ተደግፈው ቆሙ፤ ዓይናቸውን አጥብበው ወደ ግንቡ አዩ።

«ቢጫዬ አበበች!» አሉ። ፊታቸው በራ። «ጓሮውን የከረከምሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። እጅሽ ይባረክ የኔ ልጅ! እንዲህ ደምቃ አታውቅም።»

ጠበቃው በክርኑ ጎሸም አደረጋት። «አለቀ፤ ፋይሉ ተዘጋ» አለ በሹክሹክታ።

አለቀ ማለት ይቻል ነበር። ሽማግሌው ወደ ቁጥቋጦዋ አልቀረቡም፤ ባሉበት ቆመው እንደ ልጅ ይስቃሉ። እውነቱን ብትነግራቸው አንድም አበባ አይበቅልም። ብትደብቃቸው ደግሞ በዓይናቸው የሚሰናበቱት ሻሽ ሊሆን ነው። የቱ እንደሚብስ አላወቀችም።

«አንቺ፣ አበድሽ እንዴ!» አለ ወንድሟ፣ ወደ ግንቡ ስትራመድ።

ሻሹን ሳብ አደረገችው። ጉቶ ላይ ተያዘ፤ በቀስታ አላቀቀችው።

«ቢጫዋ የት ገባች?» አሉ አያቷ፣ ፈገግታቸው ገና ሳይጠፋ።

ሻሹን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ ተመለሰችና ከፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ እጅዎን ይስጡኝ። የቆረጥኳትን ላስዳስስዎት።»