የአንድ ሰው ልዩነት

«ያንተ በአንድ ይበልጣል፤» አለች። «በአሥሩም ቀን።»

ሎጋው ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ አየው። ስሙን ያወጡለት የክፍል ልጆች ናቸው፤ በቁመት የሚደርስበት የለም። ትምህርት አልቆ ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ዘበኛው በሩን ሳይዘጋ የሥነ ልቦና ጥናታቸውን መምህሯ ጠረጴዛ ላይ ማኖር አለባቸው።

ሥራው ቀላል ነበር። በምሳ ዕረፍት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ትንሽ ግቢ ስንቱ ተማሪ በቡድን፣ ስንቱ ጥንድ ሆኖ፣ ስንቱ ብቻውን እንደተቀመጠ መቁጠር። እሱ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ይቆጥራል፤ እሷ ከታች፣ ከተመቻት ቦታ። እንዳይኮራረጁ አሥሩን ቀን ስለ ቆጠራው አልተነጋገሩም። መምህሯ አስቀድማ ነግራቸዋለች፤ «ሁለት ተመልካቾች አንድ ነገር አይተው የተለያየ ከጻፉ፣ ወይ አንዱ ዋሽቷል፣ ወይ የተቀመጠበት ቦታ የሆነ ነገር ጋርዶበታል። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ እንዳትመጡ።»

የቡድኑና የጥንዱ ቁጥር እምብዛም አይዛነፍም። «ብቻውን» በሚለው ዓምድ ግን የእሷ ከላይ እስከ ታች ዜሮ፣ የእሱ ከላይ እስከ ታች አንድ ነው።

«አቦ ምን ታካብጃለሽ፣ ፕሮፌሰር፤» አለ ሎጋው። «የኔን አጥፍቼ ዜሮ አደርገዋለሁ። እኔ እንደሆንኩ መነጽር አድርጌም በር የምገጭ ሰው ነኝ።»

«ግን አይተሃል?»

«ማየቱንማ አይቻለሁ። ቧንቧው አጠገብ፣ ደረጃው ላይ። ሁሌም እዚያው፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ አቀርቅራ። ግራጫ ሹራብ ነገር።» ከኪሱ ላጲስ አወጣ። «አንድ ቀን ኳስ እግሯ ሥር ደርሶ ቀና እንኳ አላለችም። አሳዘነችኝ፣ እውነቴን ነው። ወርጄ ላናግራት ብዬ ነበር፤ ቆጠራው ይበላሻል ብዬ ተውኩት።»

ኳሷን ታስታውሳለች። ያኔ «ቡድን፦ አራት» ብላ እየጻፈች ነበር።

ሹራቡ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ዚፑ አልተዘጋም። ቦርሳውን በእግሯ ቀስ አድርጋ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገፋችው።

«ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ተመልካች አይቆጠርም» ብትል ማንም አይከራከራትም። ግን ጥናቱ ከመጀመሩ በፊትም ቦታዋ ያው ደረጃ ነበር። ጥናቱ የጨመረላት ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው። አሥር ቀን ሙሉ ብቻዋን መቀመጧ ሰበብ አግኝቶ ነበር። ቤት ስትገባ እናቷ «ዛሬስ ከማን ጋር ዋልሽ፣ የኔ ልጅ?» ስትላት «ከልጆቹ ጋር» ማለቱም ቀሏት ነበር።

ሰኞ ጥናቱ ክፍል ውስጥ ይነበባል። ያ ይቅርና፣ ሎጋው አሁን ያዘነው ለማያውቃት ልጅ ነው። ከነገርኩት የሚያዝነው ለእኔ ነው ብላ አሰበች።

«ልጆች፣ እኔም ቤት አለኝ፤» አለ ዘበኛው ከኮሪደሩ፣ ቁልፎቹን እያንቀጫቀጨ።

«መጣን፣ አባባ!» ሎጋው ማጥፋት ጀመረ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ጠፋ። የሁለተኛው ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ፍርፋሪውን እፍ አለው።

«ተው፤» አለችው።

የራሷን ወረቀት ሳበች። ዜሮዎቹን አልነካቻቸውም። ከሥራቸው በእስክሪብቶ ጻፈች፤ «ተመልካቿ በአሥሩም ቀን ራሷን አልቆጠረችም። ከጥናቱ በፊትም እዚያው ትቀመጥ ነበር።» ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረችው።

ሎጋው አነበበ። ደግሞ አነበበ። ጆሮው ቀላ፤ ላጲሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ያጠፋኸውን መልሰህ ጻፈው፤» አለች።

እሱ አጎንብሶ አንዶቹን ሲመልስ፣ እሷ ቦርሳዋን ከጠረጴዛው ሥር ስባ ግራጫ ሹራቧን አወጣችና ለበሰችው።