በሽንፋው ስም ጥሪ ላይ የመለሰልኝ

እኔ ትርንጎ፣ ዛር ያለበት ሰው ሲያጓራ እያየሁ "ውሃ አጠጡት፣ ሙቀት ነው" የምል ሴት ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእርሻ ባለሙያ ሆኜ የመተማን ቆላ ስዞር፣ እዚህ ዛፍ ሥር ድምፅ አለ፣ እዚያ ወንዝ ዳር ጥላ አለ ሲሉኝ፣ ስቄ ነው ያለፍኩት፤ ስለዚህ አሁን የማወራችሁን ራሴም ባላምነው ደስ ይለኝ ነበር።

እርሻ ኮሌጅ አብረን ከተማርነው ውስጥ ወደዚህ ቆላ የተመደብነው አሥራ አንድ ነበርን፣ ዛሬ በሕይወት ያለነው ሁላችንም ጡረተኞች ነን፣ የምንገናኘውም አምስት ብቻ ቀርተናል። በየዓመቱ ሰሊጥ ሲታጨድ ሽንፋ፣ ሙላት የሚባለው ጓደኛችን እርሻ ላይ እንሰበሰባለን፤ የማንን ዓይን ሞራ እንደጋረደው፣ ማን ልጁን እንደዳረ፣ ማን እንደሞተ እናወራለን፣ መቼም በኛ ዕድሜ ወሬው ሁሉ የሐኪም ቤት ነው። ከዚያ ሙላት የድሮውን የክፍላችንን ስም ዝርዝር ያወጣና ስም ይጠራል። ኮሌጅ እያለን አንዱ ሲቀር አጠገቡ የሚቀመጠው "አለ!" ይልለት ነበር፣ አሁን ደግሞ ለሞተው እንደዚያው እንልለታለን። በሕይወት ኖሮ ለቀረ ግን ማንም አይመልስለትም፣ ሙላት "ቀሪ" ብሎ ይጽፍና በስልክ ይሰድበዋል። "አለ" የሚባለው ለሞተ ብቻ ነው፣ ሕጋችን ነው።

የእኔ የወንበር ጓደኛ ተሻገር ነበር። አንድ ጊዜ ወባ ጥሎኝ ሦስት ሳምንት ስቀር፣ የክፍሉ ብቸኛ ሴት እኔ ሆኜ ሳለ፣ በዚያ ጎርናና ድምፁ "አለች!" እያለ አዳነኝ፣ መምህሩም፣ እመኑኝ፣ ቀና ሳይል ምልክት ያደርግ ነበር። ተሻገር የዛሬ ሦስት ዓመት ሳንጃ ላይ ሞተ። መንገድ ተዘግቶ ቀብሩ ላይ አልደረስኩም፣ ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ዓመት ስንሰበሰብ፣ ከያዘኝ ሦስት ወር ያለፈው ሳል ነበረብኝ፣ መመርመሩን ፈርቼ "አቧራ ነው" እያልኩ ትቼው ነበር። ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም ነው፣ ሙቀቱ ጉድ ነው፣ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። ዳሱ ሥር ተቀምጠን ሳለ ከኋላዬ የቆመው የሰሊጥ ነዶ መንኮሻኮሽ ጀመረ፣ ሰው ደረቅ ሰሊጥ መሀል ሲያልፍ የሚሰማውን ድምፅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ዞር ብል ሰውም ፍየልም የለም። ትንሽ ቆይቶ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ፣ ጎኔ የተቀመጠው ጓደኛችን ኢድሪስ መስሎኝ አየሁት፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ቴምሩን ያኝካል።

ሙላት መነጽሩን አድርጎ መጥራት ጀመረ።

"ተሻገር!"

"አለ" አልኩ።

"ትርንጎ!"

"አለሁ" ልል አፌን ስከፍት ሳሉ ቀደመኝ፣ እየሳልኩ ሳለሁ ከኋላዬ "አለች!" ተባለ።

ሙላት ቀና ሳይል ምልክት አድርጎ የሚቀጥለውን ሊጠራ ሲል፣ "ቆይ ሙላት፣ እኔ አልመለስኩም" አልኩት።

"ማነው ታዲያ የመለሰልሽ?"

ኢድሪስ መተማ ዮሐንስ ሱቅ ያለው፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ የማያስቀር ሰው ነው፣ ያን ቀን ግን ፊቱ ዐመድ መስሎ "ወላሂ የተሻገር ድምፅ ነው፣ እኔም ሰምቻለሁ" አለ።

"ዝም በል አንተ!" አለው ሙላት፣ እስክሪብቶው ግን ከእጁ ወደቀበት። ዝርዝሩ ሳያልቅ ተነሣን። እኔም እንደ ልጅ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ሞትን ፈርቼ ነው።

በሳምንቱ ጎንደር ወጥቼ ተመረመርኩ፣ ደረቴንም ደሜንም አይተው "እማማ፣ ምንም የለብዎትም" አሉኝ፣ ሳሉም ለቀቀኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭራሽ ባሰብኝ፣ በሽታ ካልሆነ ታዲያ ምን ሊወስደኝ ነው እያልኩ መኪና ስሳፈር እንኳ እፈራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሙላት ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይደውልልኛል፣ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ "ትርንጎ!" ይላል፣ እኔም ማንም ሳይቀድመኝ ቶሎ ብዬ "አለሁ!" እላለሁ፣ እንዘጋዋለን። ሁለት ሽማግሌዎች እንደዚህ ስንጫወት የሚሰማን ቢኖር ይስቅብናል።

ባለፈው ማክሰኞ ስልኩን ቤት ትቼ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ ሰዓቱ አለፈኝ። ትዝ ሲለኝ ሮጬ ገብቼ እኔው ደወልኩለት፣ "ይቅርታ ሙላት፣ ሳላነሣልህ ቀረሁ" አልኩት።

"ምነው እቴ፣ ተነሥቶልኛል እኮ" አለኝ። "ስምሽን ስጠራ አንድ ሰው 'አለች' ብሎኝ ዘጋው፣ ወንድምሽ ከደጋ የመጣ መስሎኝ።"

እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው። ድምፁ የማን እንደሚመስል ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ግን አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም።