ለአነፍናፊው የቀረበ ውሃ

በማርስ ጣቢያ ቁርስ የሚበቅለው በግድግዳ ውስጥ ነው። እዚያ በርሜሎች ቀስ ብለው ይሽከረከራሉ፤ በውስጣቸው የባቄላ በቆልት ይበቅላል። ኃይል ስለሚቆጠብ የሚበላው በጥሬው ነው። ስለዚህ አስቀድሞ አነፍናፊው ያየዋል። አነፍናፊ የሚሉት ከበቆልት በተንጠፈጠፈ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን የሚለይ ጣት የሚያህል መሣሪያ ነው። አረንጓዴ ከበራ ይበላል፤ ቀይ ከበራ ይደፋል።

በቆልቱን ለምታበቅለው ለዘርፌ ቀይ በርቶባት አያውቅም። የዛሬው የበቆልት ትሪ ወደ መመገቢያ አዳራሽ እንደሄደ ግን ሐኪሙ ኦብሴ ጭምብል አጥልቆ መጣ።

«በተቅማጥ ከታመሙት ሁለተኛው ሰውም ሞተ። አየሩንም የመጠጥ ውሃውንም መርምሬያለሁ። የቀረኝ የእርስዎ ክፍል ነው፣ እትዬ ዘርፌ።»

«የኔ? ይልቅ ያንተ ክሊኒክ ይመርመር!»

ከበርሜሉ አንድ ጭብጥ በቆልት አወጣች፤ ሦስት ጊዜ አለቀለቀችው። አነፍናፊውን በመጨረሻው ውሃ ነከረችው። አረንጓዴ በራ።

የኦብሴ ፊት ተለወጠ። «ሁልጊዜ አለቅልቀው ነው የሚያስመረምሩት?»

«ታዲያ ለእንግዳ ያልታጠበ ይቀርባል?»

«መሣሪያው እኮ የሚፈልገው ቆሻሻውን ውሃ ነው! ባክቴሪያው ከልጣጩ ስር ተደብቋል፤ ቢያጥቡትም አይለቅም። ለመሣሪያው ንጹህ ውሃ ሲያጠጡት ኖረዋል።»

በርሜሉን ከፍቶ ካልታጠበው በቆልት የሚንጠባጠበውን ውሃ በአነፍናፊው ተቀበለ።

ቀይ በራ።

በዚያው ቅጽበት የቁርስ ደወል ተሰማ። ዘርፌ ሮጠች። ኮሪደሩ አላልቅ አላት። አዳራሹ ውስጥ ሰዎች ትሪውን ከበዋል፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ልጇ ሐመልማል እጇን ሰዳለች።

«እንዳትነኩት!»

ትሪውን ገለበጠችው። በቆልቱ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«አልቀመስሽም አይደል? ንገሪኝ!»

«ኧረ ከዚህስ አልቀመስኩም።»

ዘርፌ ተነፈሰች።

«ግን እማዬ» አለች ሐመልማል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጠዋት አልጋዬ ድረስ መጥተሽ አጉርሰሽኝ የለ? ለልጁ ብለሽ።»

መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ስንት ነገር አስበው ነበር። አንዲት ሴት ማሽኑን እንደ እንግዳ ታስተናግደዋለች ብለው ግን አላሰቡም።

ዘርፌ ልጇን ልታቅፍ ተንደረደረችና ቆመች። ሁለቱን እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀች።