የአረንጓዴዋ ታንኳ መሐል መቀመጫ

መማል አልወድም። መጽሐፉ «ቃላችሁ አዎን አዎን፣ ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» ይላልና።

ስለዚህ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ አዎን። ይህ ነገር ደርሷል። የደረሰውም በእኔ፣ ሄቲ በሚሉኝ በሄስተር ላይ ነው።

ጨለማ አልነበረም። ማዕበልም አልነበረም። ጊዜው የነሐሴ ማለቂያ፣ ሰዓቱ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር። ሐይቁ እንደ መስተዋት ተዘርግቶ፣ የጥዶቹ ጥላ እንኳ ሳይነቃነቅ ተኝቶበታል...

ቦታው በሰሜን ኦንታሪዮ የሚገኘው የሴት ልጆች የታንኳ ካምፓችን ነው፤ የአፈሩ መንገድ የሚያልቅበት። ልጆቹ ከየከተማው መጥተው ሰባት ሳምንት ይቀዝፋሉ። ታንኳ በትከሻቸው ተሸክመው ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ይሻገራሉ። በመጀመሪያው ቀን እንሂድ ብለው ያለቅሳሉ፤ በመጨረሻው ቀን ደግሞ አንሄድም ብለው ያለቅሳሉ።

ከእኔ በፊት ካምፑን በባለቤትነትም በኃላፊነትም የያዙት ሦስት ሴቶች ነበሩ። መሥራቿ ሚስ አጋታ፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ሚስ ሲግሪድ፤ ከዚያም ሚስ ማርጎ። ዘመኗን የፈጸመች ኃላፊ መቅዘፊያዋ ስሟ በጋለ ብረት ተጽፎበት በምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ሾርባ ስጨልፍም ጉዞ ስመራም፣ ዓይኔ በግድግዳው ላይ ከተረፈው ባዶ ቦታ ተነቅሎ አያውቅም።

ተመኘሁት። ኃጢአቴ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በካምፑ የማይሻሩ ሁለት ልማዶች ነበሩ።

አንደኛው የቀትር መዝሙር ነው። በየቀኑ ልክ በስድስት ሰዓት፣ ምሳ ሲቀርብ፣ መስኮቶቹ ይዘጋሉ። ሰባው ልጅ ጠረጴዛውን በጡጫ እየደበደበ፣ ሾርባው ከሳህኑ እስኪዘል ድረስ ይዘምራል። በሐምሌ ሙቀት መስኮት የሚዘጋው ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቄ ነበር።

«ትንኝ እንዳይገባ» ተባልኩ።

ሁለተኛው የርክክብ ጉዞ ነው። ተሰናባቿና ተተኪዋ ሁለቱ ብቻ በአረንጓዴዋ ታንኳ ወደ ድንጋያማዋ ደሴት ይቀዝፋሉ። ሲሄዱ አሮጌዋ ኃላፊ ከኋላ ሆና ትመራለች፤ አዲሷ ከፊት ትቀመጣለች። ሲመለሱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ከፊት የምትቀዝፍ ወደ ኋላ አትዞርም፤ ከዞረች ታንኳዋ ትገለበጣለች። ይህን ለልጆቹ በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው እኔው ነበርኩ።

በዚያ የነሐሴ ረፋድ ሚስ ማርጎ ከኋላ ተቀመጡ። እኔ ከፊት።

ሚስ ማርጎ ከሲታ ነበሩ፤ ጀርባቸውም የጎበጠ። እኔም ሥጋ የበዛብኝ ሰው አይደለሁም። ጭነት አልያዝንም።

ታንኳዋ ግን ሰመጠች... ውሃው ከጠርዟ አራት ጣት ያህል ብቻ ራቀ።

«ሚስ ማርጎ፣ ድንጋይ ጭነዋል እንዴ?» አልኩ እየሳቅሁ።

«ድንጋይ የለም። ቅዘፊ።»

ቀዘፍኩ።

ጥቂት እንደሄድን ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ... የጥርስ መንቀጫቀጭ። ብርድ አጥንቱ ድረስ የገባበት ሰው ጥርስ።

በዚያ ፀሐይ!

«በረደዎት እንዴ?»

«እኔን? ላብ በላብ ሆኛለሁ እኮ!»

የእሳቸው ድምፅ የመጣው ከሩቅ፣ ከታንኳዋ ጫፍ ነው። የጥርሱ ድምፅ ግን... ከጆሮዬ ሥር ነበር።

አልዞርኩም። ልማዱ ያዘኝ።

ከዚያ ሚስ ማርጎ ሹክ ሲሉ ሰማሁ። ለእኔ አልነበረም።

«ይቺውልሽ። ወደድሻት?»

የጥርሱ ድምፅ ቆመ።

በደሴቷ ዳር ቦታ ተለዋወጥን። አሁን ከኋላ ስለተቀመጥኩ የታንኳዋ ሆድ በሙሉ ከፊቴ ነበር። መሐሉ ላይ ማንም የለም። የመሐሉ መቀመጫ ጣውላ ግን ርሷል፤ ሰው የተቀመጠበት ያህል። ፀሐይ እየመታው አልደረቀም። እየሰፋ ሄደ እንጂ።

ሃያ ሰባት ዓመት ጎብጠው የማውቃቸው ሴት ከፊቴ ቀና ብለው እያፏጩ ይቀዝፉ ነበር።

ከወደቡ ስንደርስ እጄን ያዙኝ።

«ትረከቢያለሽ?»

«እረከባለሁ።»

«በፈቃድሽ?»

«ሚስ ማርጎ ደግሞ! በፈቃዴ ነዋ።»

ግንባሬን ሳሙኝ። ከንፈራቸው ደረቅ ነበር።

«እንግዲህ መዝሙሩን እንዳታቆሚ፣ ሄቲ። አንድም ቀን። ደግሞ አትፍሪ... ከዛሬ ጀምሮ ብቻሽን አትቀዝፊም።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ነገሩ በውሃ ላይ ብቻ የሚቀር መስሎኝ ነበር። አልቀረም። መኪናዬ በአንድ ጎኗ ማዘንበል ጀመረች። በቤተ ክርስቲያን ስቀመጥ ከጎኔ ያለው ባዶ አግዳሚ ሲጢጥ ይላል፤ ቄሱም ሳይቀሩ ዘወር ይላሉ። አልጋዬ በግራ በኩል ጎደጎደ፤ እንቅልፍ ሲወስደኝ ወደ ጉድጓዱ እንሸራተታለሁ። ማለዳ ስነሣ የሌሊት ልብሴ ርሶ አገኘዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት እስከ ቁርጭምጭሚት። በሦስተኛው እስከ ጉልበት...

በአምስተኛው ዓመት ሚስ ማርጎን ፍለጋ ሄድኩ። ከተማ ባለው የአረጋውያን ቤት በመስኮት አጠገብ ተቀምጠው ጣፋጭ ፑዲንግ ይበሉ ነበር። ሰላም እንኳ አላሉኝም።

«ከታንኳዋ ጠርዝ ስንት ጣት ቀረሽ?» አሉ።

«ሦስት።»

«ጎሽ። ገና ጊዜ አለሽ።»

«ማን ናት? ንገሩኝ!»

ማንኪያውን ልሰው አስቀመጡ።

«አጋታ ካምፑን ብቻዋን አልገዛችውም። ዊኒ የምትባል ባልንጀራ ነበረቻት፤ ግማሹ የሷ ነው። በሁለተኛው በጋ ዊኒ ድርሻዬን ልሽጥ አለች። ስትነጫነጭም ጉድ ነበር ይባላል። አጋታ በአረንጓዴዋ ታንኳ ወደ ደሴቷ ወሰደቻት። ዊኒ ስትወርድ ጠብቃ፣ 'ሐሳብሽን ስትቀይሪ እመጣለሁ' ብላ ትታት ተመለሰች።»

«ከዚያስ?»

«ተጣራች። ሁለት ቀን። ቀትር ላይ ንፋሱ ወደ አዳራሹ ይነፍሳል። ልጆቹ ማንኪያቸውን እያስቀመጡ ጆሮ መስጠት ጀመሩ። አጋታ ምን ያደረገች ይመስልሻል?»

የሾርባው መዝለል፣ የጡጫው ድብደባ፣ የተዘጉት መስኮቶች ታዩኝ...

«አዘመረቻቸው» አልኩ።

«ዜማው ግን እንከን አይወጣለትም፣ አይደል?» ብለው ሳቁ። «በሦስተኛው ቀን ብትሄድ ደሴቷ ባዶ ናት፤ ዊኒ በዋና ልትሻገር ብላ ሰጥማለች። ስትመለስ ግን ታንኳዋ ከብዳለች። ዊኒ የመጣችው በፈቃዷ ነበርና፣ የምትሻገረውም በፈቃዱ ወደሚቀበላት ብቻ ነው።»

«ይህን ሁሉ እያወቅሽ ነው የሰጠሽኝ?»

አንቱታው ከአፌ ወደቀ። ከዚያ ቀን ወዲህም አላነሣሁትም።

«ሲግሪድም እያወቀች ሰጠችኝ። እሷ እንኳ እያለቀሰች ነበር፣ ሞኝ!»

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፣ ማርጎ።»

«ቁናው የአጋታ ነው። እኔ ተቀብዬ አሳለፍኩ። አንቺም ታሳልፊያለሽ።»

«በእግዚአብሔር ፊት፣ አላደርገውም!»

ማርጎ ፑዲንጓን ወደ ራሷ ሳበች።

«አንድ ጣት ሲቀርሽ እናያለን» አለች።

ያለኝን ሁሉ ሞከርኩ። የበደሉ ሥር የዊኒ ስም መፋቁ ነው ብዬ አሰብኩ። አዲስ መቅዘፊያ አስጠርቤ፣ «ዊኒ» ብዬ በጋለ ብረት ጽፌ፣ ከአጋታ በፊት ሰቀልኩት። ተንበርክኬም ይቅርታ ለመንኩ።

በማግስቱ መቅዘፊያው በአረንጓዴዋ ታንኳ መሐል ተጋድሞ አገኘሁት። ርሷል። መልሼ ሰቀልኩት። በማግስቱም እዚያው ነው። በሦስተኛው ቀን በመጋዘን ቆልፌበት ተውኩት።

ዓመታቱ አለፉ። በየጠዋቱ እርጥበቱ ወደ ላይ ወጣ። ወገቤን... ደረቴን... በአሥራ አንደኛው ዓመት አንድ ማለዳ የነቃሁት ውሃ እየተፋሁ ነው። በደረቅ ክፍል ውስጥ። በራሴ አልጋ ላይ።

ጆሲ የእኅቴ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። መቅዘፊያ ማንሣት ሳትችል መቅዘፍ የለመደች፣ ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ልጅ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሞላት መጥታ «አክስቴ፣ አንቺ አርጅተሻል፤ እኔ ልያዘው» አለችኝ። በዚህ ዓለም ላይ ካምፑን ከልቧ የምትፈልገው እሷ ብቻ ነበረች።

በርክክቡ ጠዋት ዳዊቴን ደገምኩ። እነግራታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ታንኳዋ ላይ ሳንወጣ... አልነገርኳትም። ስንወጣ... እነግራታለሁ አልኩ።

ታንኳዋ ሰመጠች። ውሃው ከጠርዟ አንዲት ጣት ብቻ ቀርቶት ነበር።

«አክስቴ፣ ድንጋይ ጫንሽ እንዴ?» አለች ጆሲ ከፊት ሆና፣ እየሳቀች።

ቃሉ ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ደርሶ ነበር። ከዚያ ከመሐል ያንን ጥርስ ሰማሁት። የዚያ ማለዳ ውሃም ጉሮሮዬ ውስጥ ታወሰኝ።

«ድንጋይ የለም» አልኩ። «ቅዘፊ።»

ቀዘፈች። የኔ ልጅ።

ስንመለስ እኔ ከፊት ነበርኩ። ሰውነቴ እንደ ላባ ቀለለኝ። ማፏጨት ጀምሬ ራሴን ያዝኩ።

«ትረከቢያለሽ?»

«እንዴታ!»

«በፈቃድሽ?»

«አክስቴ ደግሞ፣ ልትድሪኝ ነው እንዴ? በፈቃዴ ነው!» ብላ አቀፈችኝ። እኔም አቀፍኳት።

ሸሚዟ ከጀርባዋ ርሷል።

ማርጎ በዚያው ዓመት በበረዶው ወራት አጋታንና ሲግሪድን ተከትላ ሞተች። እኔ አልጋዬ ደረቅ ሆኖ፣ እንደ ሕፃን ስተኛ ከረምኩ።

ዛሬ የካምፑ መክፈቻ ነው። ጆሲ ለምሳ ጠራችኝ። ከስታለች። ዓይኗ ጎድጉዷል። ከጎኗ ያለው ባዶ ወንበር ከጠረጴዛው ሳብ ተደርጎ ሲጢጥ ይላል። አራቱን መቅዘፊያዎች በግድግዳው ላይ አየሁ፤ የመጨረሻው የኔ ነው።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ልጆቹ ጡጫቸውን አነሡ። ጆሲ ተነሥታ ቆመች።

«ዛሬ አንዘምርም። መስኮቶቹን ክፈቱ።»

«ጆሲ!... አይሆንም!»

«ለምን አክስቴ?» አለች ዝግ ብላ። «ምን አለ?»

ማንኪያዬን አንሥቼ ሾርባዬን አማሰልኩ።

«ታውቂ ነበር?»

አዎን የምልበት ጊዜ ያ ነበር። አንዲት ቃል ናት።

«አይደለም» አልኩ። «የማውቀው ነገር የለም።»

ጆሲ በገዛ እጇ የመጨረሻውን መስኮት ከፈተች።

ሰባ ልጅ ማንኪያ እንደያዘ ጸጥ አለ። ንፋሱ ገባ። ከንፋሱ ጋር...

«ወፍ ናት» አለች አንዷ።

ወፍ አልነበረችም።

«ደሴቷ ላይ ሰዎች አሉ!» ብላ ጮኸች በመስኮት አጠገብ የነበረች ልጅ። «ሦስት አሮጊቶች! እጃቸውን ያወዛውዛሉ!»

ሄጄ አየሁ። በውሃው ዳር በተርታ ቆመዋል፤ በግድግዳው ላይ እንዳሉት መቅዘፊያዎቻቸው ቅደም ተከተል። የሦስተኛዋን ጉብጠት አውቀዋለሁ። ከእሷ ቀጥሎ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ተትቷል።

«ሄቲ!...» ይላሉ። «ሄቲ!...»

ጆሲ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ነይ አክስቴ» አለች በሹክሹክታ፣ እንደ ልጅነቷ እጄን ይዛ። «ላድርስሽ።»

እጄን መንጭቄ ወደ ጓዳው ሮጥኩ። በሩን ቆልፌ ይህን የምጽፍላችሁ ከዚያ ሆኜ ነው። ጆሲ አላንኳኳችም፤ አልተጣደፈችም። በጓዳው ትንሽ መስኮት በኩል ትታየኛለች። በአረንጓዴዋ ታንኳ የኋላ መቀመጫ ላይ ሆና ትጠብቃለች።

ታንኳዋ እንደ ቅጠል ቀልላ በውሃው ላይ ተንሳፍፋለች። መሐል መቀመጫዋ ባዶ ነው። በፀሐይ ደርቆ ነጥቷል።

ከፊት ግን ፀጉሯ ርሶ በጀርባዋ ላይ የተለጠፈ ሴት ተቀምጣለች። በመጋዘን ቆልፌበት የነበረውን መቅዘፊያ ይዛለች።

ወደ ኋላ አትዞርም።