ዜሮ የተባለው ሰው

ዶክተር ሰላሁዲን አህመድን ነሐሴ 1976 ዓ.ም. አንድ ማለዳ ያገኙት ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የውኃ ጥናት ጣቢያው ባስቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ነው። አንገቱ ተሰብሯል። ጉድጓዱ አሥራ አምስት ሜትር ተቆፍሮ ጠብታ ውኃ አልወጣውም። በጉድጓዱ አፍ ላይ፣ በድንጋይ ተጭኖ፣ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ነበር፦

«መጽሐፉን ራሴ ገልጬ ስሜን ፈለግሁ። ሥራዬን የጠቀሰ አንድም ሰው የለም። ዜሮ ነኝ። በቃኝ።»

ወሬው ከሬሳው ቀድሞ ቆቦ ገባ። ሼህ አብዱሰመድ ወረቀቱ ሲነበብላቸው «ራሱን በገደለ ሰው ላይ አልሰግድም» አሉ። ልጅ ታጥቦ ተከፍኖ እናቱ ግቢ ተጋድሞ፣ ሰጋጅ ሲለመንለት! እንዲህ ያለውን ቀን ለጠላትም አይስጥ።

ምርመራው የተሰጣት ሃምሳ አለቃ ዘነበች በቅድሚያ ወደ እናትየው ሄደች።

«እናቴ፣ ልጅዎ ሰሞኑን ከፍቶት ነበር?»

«ተናዶ ነበር እንጂ አልከፋውም!» አሉ ኡሙልኸይር። «የተናደደ ሰው ይጣላል እንጂ ጉድጓድ ይገባል? ስምንት ዓመት ፈረንጅ አገር ሲማር፣ በላ አልበላ፣ በረደው አልበረደው ስል እንቅልፍ አጥቼ ከረምኩ። ‹እዚያ አህመድ ነው የሚሉኝ፤ አባዬን ይዤው ነው የምዞረው› እያለ ያስቀኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ ተርፎ ደጄ ላይ ይሙትብኝ? ሳይሰገድበት አፈር እንዳይገባ ልጄ! እስከ አሱር ሶላት ድረሺልኝ!»

ወረቀቱ የተመታው በጣቢያው ታይፕ ነው፤ ከሟቹ ሌላ የታይፕ ክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ኃላፊው ጋሹ፣ ተመራማሪው ሐድጉና ታይፒስቷ ብርኽቲ።

«ሟቹ ሥራው ምን ነበር?» ስትል ሐድጉን ጠየቀችው።

«መሬቱን በመዶሻ እንመታለን፤ ከታች የሚመለሰውን ሞገድ መሣሪያ ይቀዳል። ግን ነፋሱም፣ መኪናውም፣ የከብቱ ኮቴም አብሮ ይቀዳል። ሰላሁዲን ጫጫታውን በሒሳብ አጣርቶ ውኃ ያለበትን ከሌለበት ይለያል። ዘዴውን በውጭ አገር መጽሔት አሳትሞታል።»

«ታዲያ ይህን ደረቅ ጉድጓድ እሱ አስቆፈረው?»

«ኧረ እሱስ አትቆፍሩ ብሏል! ውኃ አለ ብሎ ለበላይ የጻፈው ጓድ ጋሹ ነው። ከአብዮት በዓል በፊት አምስት መቶ አባወራ ሊሰፍርበት ነው።»

«እርስዎስ ተቀናቃኙ ነበሩ ይባላል።»

«አልዋሽም፣ ለዋና ተመራማሪነት ተወዳድረናል። አዲስ አበባ ደግሞ የማን ሥራ ስንቴ እንደተጠቀሰ ይቆጠር ብሎ እነዚህን ላከ።» ሦስት ወፋፍራም ጥራዞች አሳያት። በዓለም ላይ ማን የማንን ጽሑፍ እንደጠቀሰ ይዘረዝራሉ።

ጋሹ ግን ከወንበሩም አልተነሣ። «እኔ የትግል ሰው ነኝ፤ የፈረንጅ መጽሐፍ ነክቼ አላውቅም። ሰውዬው ትዕቢተኛ ነበር፤ ከቁም ነገር የሚቆጥረው ሲያጣ ጉድጓድ ገባ። አንቺ ምን ያደክምሻል?»

ከአሱር በፊት ዘነበች አንዱን ጥራዝ ይዛ ሦስቱንም ባለ ቁልፎች እናትየው ግቢ ሰበሰበቻቸው። ሼሁም፣ ጎረቤቱም ቆሟል።

«የሰላሁዲንን ሥራ ስንት ሰው ጠቀሰው? ፈልጉልኝ።»

«እኔ ኤቢሲዲ እንኳ አልዘለቅሁም፣ እቴ» አለች ብርኽቲ።

ጋሹ መጽሐፉን መንጭቆ ወደ መጨረሻው ገለጠ። «ይኸው! ሰላሁዲን የሚባል የለም። በዚህም የለም፣ በሌሎቹ ሁለቱም የለም!»

ዘነበች መጽሐፉን ለሐድጉ አቀበለችው። ሐድጉ መጀመሪያው ላይ ገልጦ፣ ጣቱን እያወረደ ቆጠረ። «አርባ አንድ። በዚህኛው ብቻ።»

ግቢው አጉረመረመ።

«ፈረንጅ ሰውን የሚመዘግበው በአባቱ ስም ነው» አለች ዘነበች። «ስምንት ዓመት አህመድ ሲባል የኖረ ሰው ራሱን የሚፈልገው አህመድ ላይ ነው። የወረቀቱ ጸሐፊ ግን ሰላሁዲን ብሎ ፈልጎ ባዶ አገኘ። ስለዚህ ሟቹ አልጻፈውም። ሐድጉ ቦታውን ያውቃል፤ እሱ ቢሆን ዜሮ አይልም። ብርኽቲ አታነበውም። የቀረው ባለ ቁልፍ እርስዎ ነዎት።»

«ግምት ነው!»

«ነክቼ አላውቅም ብለውኛል። እኔ ያመጣሁት አንድ ጥራዝ ነው። ሁለቱ ውስጥ አለመኖሩን መቼ አዩ?»

ጋሹ ጮኸ፦ «ውኃ የለም የሚል ሪፖርት ሊልክብኝ ነበር! ለበዓሉ ውኃ አለ ብዬ ቃል ገብቼ! ማን ይሰማሃል ስለው ሳቀብኝ፤ ገፈተርሁት!»

«አምስት መቶ አባወራ በጥም ሊያልቅ፣ አንተ በዓልህን!» ብላ ብርኽቲ ልትቧጥጠው ተነሣች። ከዘነበች ጋር የመጡት ፖሊሶች ቀድመው ጋሹን ያዙት።

ሼህ አብዱሰመድ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ጀናዛው ተራመዱ። «በሉ፣ ለሶላቱ ተሰለፉ፤ ሰፍ ግቡ።»

ኡሙልኸይር ፊታቸው ቆሙ። «የት? ሲወለድ ጆሮው ላይ አዛን ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ቁርአን ያስቀሩት እርስዎ። ገዳዩ የጻፈውን ቁራጭ ወረቀት አምነው የሚያውቁትን ልጅ ካዱት። ጧት እግርዎ ላይ ወድቄ ስለምንዎ የት ነበሩ?»

ሼሁ አቀረቀሩ።

«ሌላ ሰው ያሰግድ። እርስዎ ከኋላ ይቁሙ።»

ሽማግሌው ወደ ኋላ ዞሩ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው፤ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከልጆቹ ጎን ቆሙ።